አንድ አልጋ፣ አራት ሰው

አጋሮ ላይ የመሸበት መንገደኛ «ክፍል አለ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «አልጋ አለ?» ነው የሚለው። ሊሙ ገነትም ሆነ ሰቃ፣ ጅማ ከተማም ሆነ ቦንጋ ያው ነው። አልጋ ስንት ነው፣ አልጋ ይዣለሁ፣ አልጋ ጠፋ እንላለን፤ የምንከራየው ግን በሩ የሚቆለፍ ሙሉ ክፍል ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ «ሁለት አልጋ ስጠኝ» ያለ ሰው ሁለት ቁልፍ ይሰጠዋል። ይህንኑ አባባል እንዳለ ይዞ ዱባይ ወይም ባንኮክ ወዳለ ሆቴል የጻፈ ሰው ግን የሚጠብቀው ሁለት አልጋ የተነጠፈበት አንድ ክፍል ነው። ሁለት ጥንድ ባልና ሚስት ሆነው የሄዱ እንደሆነ ጭንቁ የሚጀምረው በሩ ሲከፈት ነው።

ቃሏ ትንሽ ትምሰል እንጂ ስለ ሆቴል ያለን አስተሳሰብ በሙሉ በውስጧ አለ። ለእኛ የተሸጠው አልጋው ነው። አልጋው ላይ ማን ከማን ጋር ተጠጋግቶ እንዳደረ፣ ወለሉ ላይ ፍራሽ መነጠፍ አለመነጠፉ የእንግዳውና የቤተሰቡ ጉዳይ ነው። በቡና ወቅት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ጀንፈል የጫነ አይሱዙ አጋሮ ሲያድር ሾፌሩ አልጋ ይይዛል፤ ረዳቱ ጭነቱን እየጠበቀ ጋቢና ውስጥ ይተኛል። ብርዱ የጠናበት ሌሊት ሾፌሩ ረዳቱን ጠርቶ ያስገባዋል። ጠዋት ሒሳብ ሲከፈል «ስንት ሆናችሁ አደራችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም የለም።

የውጭ ሆቴል የሚሸጠው ሌላ ነገር ነው። አንድን ክፍል፣ ለተወሰነ ሌሊት፣ ለተወሰነ የሰው ቁጥር ይሸጣል፤ ዋጋውን የሚወስኑት ሦስቱ አንድ ላይ ሆነው ነው። የሰው ቁጥር ሲለወጥ ዋጋው ይለወጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ክፍሉ ራሱ ይከለከላል። ለሕክምና፣ ለንግድ፣ ለዑምራ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ሊወጣ የተነሣ የአገሬ ሰው ይህን ከቤቱ ሳይወጣ እንዲያውቀው እፈልጋለሁ። እኔ የተማርኩት ከመቀበያው ጠረጴዛ በሁለቱም በኩል ቆሜ ነው።

ጅማ ውስጥ በአንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው በ1992 ዓ.ም. ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ወዲህ የምረቃ ሰሞን ለከተማዋ ሆቴሎች ከቡና ወቅት የማይተናነስ ገበያ ሆኗል። ከጎንደርም ከወላይታም ወላጅ ይመጣል፤ አልጋ ይጠፋል። በአንድ የምረቃ ዋዜማ ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ከጌራ የመጡ አባት ከባለቤታቸውና ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ገቡ። የቀረኝ አንድ ክፍል ብቻ ነበር። አዘንኩላቸውና ከመጋዘን ሁለት ስፖንጅ ፍራሽ አውጥቼ ወለሉ ላይ ዘረጋሁ፤ ብርድ ልብስም ጨመርኩ። እሳቸው መረቁኝ። ጠዋት ሒሳብ ሲዘጋ የሁለቱ ፍራሽ ዋጋ ደረሰኙ ላይ አብሮ ወጣ፤ የቤቱ ደንብ ነበር፣ እኔም ደንቡን አውቀው ነበር፤ ማታ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ደረሰኙን ካነበቡ በኋላ ቀና ብለው አዩኝ። «ገንዘቡ አይደለም ልጄ» አሉኝ፤ «ማታ ብትነግረኝ ኖሮ ትልልቆቹን አጎታቸው ቤት እልካቸው ነበር።» ከፍለው ወጡ። ምርቃታቸውን የተቀበልኩት ለቸርነት ነበር፤ የሰጠኋቸው ግን ዋጋው ያልተነገረ ዕቃ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያን ቀን የተማርኩት ተጨማሪ ክፍያ ራሱ ነውር እንዳልሆነ ነው። ፍራሹ ይታጠባል፣ አንሶላው ይቀየራል፣ ውኃው ይፈሳል። ነውሩ ዝምታው ላይ ነው። ይህን የተማርኩት እኔ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ዝምታውን ራሴ ላይ ደገምኩት።

ታናሽ እህቴ ዱባይ ትሠራለች። እናቴ ልታያት ስትነሣ ባለቤቴንና ልጄን ጨምሬ አብሬያት ሄድኩ። ሆቴሉን በስልኬ የያዝኩት እኔ ነኝ። የእንግዶች ቁጥር የሚሞላበት ቦታ ላይ ማሽኑ ራሱ «2» ብሎ ነበር፤ ወደ አራት ከፍ ሳደርገው ዋጋው ዘለለ፣ ወደ ሁለት መለስኩት። ክፍሉ ያው ክፍል፣ አልጋውም ያው አልጋ ነው፤ እናቴና ልጄ አንድ ላይ ይተኛሉ፣ እኔ ፍራሽ እጠይቃለሁ ብዬ አሰብኩ። ልቤ ውስጥ የነበረው የአጋሮ አልጋ ነው።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መቀበያው ጋ ደረስን። ወጣቱ ሠራተኛ አራቱን ፓስፖርት ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ እንደ ካርታ ደረደራቸው፤ አንድ በአንድ ከፍቶ የትውልድ ቀኑን አየ። ከዚያም ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረልኝ። ክፍሉ የተሸጠው ለሁለት ሰው ነው። ተጨማሪ አልጋ ቢገባ እንኳ የሚይዘው ሦስት ሰው ነው። ልጄ 12 ዓመት ከሞላት ሦስት ሳምንቷ ነበር፤ በቤቱ ደንብ ልጅ የሚባለው እስከ 11 ዓመት ያለው ስለሆነ እሷ የተቆጠረችው እንደ አዋቂ ነው። እናቴ ለእህቴ የያዘችውን የተቆላ ቡና እንዳቀፈች ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ነገሩ ገንዘብ መሆኑ ሲገባት «ለእኔ ምንጣፉ ይበቃኛል፣ ንገረው» አለችኝ። ነገርኩት። ልጁ በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። ጉዳዩ የአልጋ አልነበረም፤ በዚያ ክፍል አራተኛ ሰው ማደር አይችልም። ሰፋ ያለ ክፍል ነበራቸውና ልዩነቱን ለሦስት ሌሊት ከፈልኩ። አስቀድሜ በትክክለኛው ቁጥር ይዤው ቢሆን ከከፈልኩት ባነሰ አገኘው ነበር፤ ሌሊት መቀበያ ጠረጴዛ ላይ የቆመ ሰው ግን አይከራከርም፣ ማደሪያ ነው የሚፈልገው።

ሁለት ቁጥሮችን መለየት እዚህ ላይ ይጠቅማል። አንደኛው በዋጋው ውስጥ የተካተተው የሰው ቁጥር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነው። ሁለተኛው ክፍሉ ቢበዛ ሊይዝ የሚፈቀድለት ቁጥር ነው። ተጨማሪ ክፍያ የሚባለው ነገር የሚኖረው በሁለቱ መካከል ብቻ ነው። ለሁለት ተሽጦ ሦስት የሚይዝ ክፍል ከሆነ፣ ሦስተኛው ሰው በገንዘብ ይገባል። አራተኛው ግን በገንዘብም አይገባም። ይህን ሁለተኛ ቁጥር የሚወስነው ከሁሉ በፊት የእሳት አደጋ ደንብ ነው፤ ጭስ በሞላበት ኮሪደር ስንት ሰው በስንት ደቂቃ ይወጣል የሚለው ስሌት ነው። ሌላው ምዝገባ ነው። በብዙ አገር ያደረ ሰው ሁሉ ፓስፖርቱ ወይም መታወቂያው መመዝገብ አለበት፤ ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም፣ አልጋ ስንይዝ መታወቂያ እንሰጣለን። ልዩነቱ እዚያ ከእያንዳንዱ ራስ መጠየቁ ነው።

ለአንሶላና ለፎጣ፣ ለቁርስና ለውኃ የሚወጣው ወጪ እውነተኛ ቢሆንም ክፍያውን ያን ያህል የሚያስወድደው እሱ አይደለም። በመቀበያ ላይ በሠራሁበት ዘመን የገባኝ ትልቁ ምክንያት፣ በአንድ ክፍል አራት ሰው ሲተኛ ሆቴሉ ሁለተኛውን ክፍል ሳይሸጥ ማደሩ ነው። የተጨማሪ አልጋ ዋጋ የሚተመነው ፍራሹን ብቻ ታስቦ ሳይሆን ያን ያልተሸጠ ክፍል በመመልከት ጭምር ነው። ይህን ያወቀ ሰው ሁልጊዜ ሁለቱን ዋጋ ያስተያያል። አንዳንድ ቦታ ተጨማሪ አልጋ ከማስገባት ሁለተኛ አነስተኛ ክፍል መያዝ፣ ወይም ከመጀመሪያው ባለ ሦስት አልጋ ክፍል መጠየቅ ይረክሳል።

የአልጋዎቹም ስም ያሳስታል። ደብል የሚሉት አንድ ሰፊ የሁለት ሰው አልጋ ነው፤ ትዊን ግን ሁለት ለየብቻ የቆሙ አልጋዎች ናቸው። አንድ ነጋዴ ከሥራ ባልደረባው ጋር ሄዶ ደብል ቢይዝ የሚያገኘው አንድ አልጋ ነው። ተጨማሪ አልጋ ሲባል ደግሞ አንዱ ሆቴል ተጣጥፎ በጎማ የሚገፋ አልጋ ያመጣል፣ ሌላው ሶፋውን ይዘረጋል፤ ለታመመ ወይም ጀርባውን ለሚያመው ሽማግሌ ልዩነቱ ትልቅ ነውና ምን ዓይነት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። የሕፃን አልጋ ብዙ ቦታ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ቁጥሩ ግን ውስን ስለሆነ አስቀድሞ ካልተጠየቀ አይገኝም።

ልጆችን በተመለከተ ሦስት ነገር ልብ ይባል። «ልጆች በነፃ» የሚለው ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ክፍሉ ውስጥ ባለው አልጋ ላይ ከወላጆቹ ጋር ከተኛ ማለት ነው፤ ለብቻው አልጋ ከተፈለገ ይከፈላል፣ የልጁም ቁርስ ለብቻው ሊታሰብ ይችላል። ሁለተኛው የዕድሜው ወሰን ነው። እኛ «እስከ 12» ስንል 12 የሞላውንም እንጨምራለን፤ ሆቴሉ ግን ከ12 በታች ማለቱ ሊሆን ይችላል፣ ልጄን ከልጅነት ያስወጣት ይኸው ነው። ዕድሜው የሚታየውም ሆቴሉን በያዙበት ቀን ሳይሆን በገቡበት ቀን ነው። ሦስተኛው የኛ የብቻችን ጣጣ ነው፤ የልጁ የትውልድ ቀን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ ሲዞር ተሳስቶ ፓስፖርት ላይ የሰፈረ ስንት አለ! መቀበያው የሚያምነው ፓስፖርቱን ነው። የልጁን ዕድሜ ከአፍ ሳይሆን ከፓስፖርቱ ላይ አንብቦ መሙላት ነው።

ቀጥሎ ግብሩ አለ። በአገራችን የተጨማሪ እሴት ታክስ በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ 15 በመቶ ነው። ሆቴሉ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ካለው መጀመሪያ እሱ ይደመራል፣ ታክሱ በድምሩ ላይ ይታሰባል፤ ስለዚህ 1,000 ብር የተባለ ክፍል 1,100 ይሆንና በ1,265 ይዘጋል። ከዋጋው ጎን ሁለት የመደመር ምልክት ካዩ ትርጉሙ ይህ ነው፤ ሁለቱም ገና አልተደመሩም ማለት ነው። ታይላንድም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው፤ 10 በመቶ አገልግሎት፣ በዚያ ላይ 7 በመቶ ታክስ፣ በአጠቃላይ 17.7 በመቶ። የተጨማሪ አልጋውም ዋጋ በዚሁ መንገድ ሊያድግ ይችላል።

የከተማ ግብር ግን እንደየአገሩ በክፍል ወይም በሰው ይቆጠራል፣ ለብዙ ቤተሰብ ደግሞ ይህ ብዙ ይለውጣል። ዱባይ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ቱሪዝም ድርሃም የሚባል ክፍያ አላት፤ እንደ ሆቴሉ ደረጃ ለአንድ መኝታ ክፍል በሌሊት ከ7 እስከ 20 ድርሃም ነው። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰውም ይደር አራት፣ ክፍያው ያው ነው። ሮም ግን በነፍስ ወከፍ ታስከፍላለች። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2023 ወዲህ በባለ አራት ኮከብ ሆቴል ለአንድ ሰው በሌሊት 7 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ነው፤ ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም። አራት አዋቂዎች ሦስት ሌሊት ቢያድሩ 90 ዩሮ ይሆናል፣ ይህም ከክፍሉ ዋጋ ውጭ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ እንዲህ ያለ ያልታሰበ ክፍያ ከጅማ ለተነሣ መንገደኛ የሚቀልል አይደለም።

ወደ መካና መዲና የሚሄዱ ወገኖቻችን ይህንኑ ስሌት በተቃራኒ ያውቁታል። የሐጅና የዑምራ ጥቅል ዋጋ አንዱን ክፍል በሚጋራው ሰው ብዛት ይለያያል። ክፍሉ ለአራት ሲካፈል ለአንዱ የሚደርሰው ይቀንሳል፣ ለሁለት ሲሆን ይንራል። እዚያ ሰው መጨመር ያረክሳል፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ከመነሻው ተነግሮ ዋጋው በእሱ ተሠርቷል። በአራት ሰው ሒሳብ ከፍሎ የሄደ ሰው ደርሶ «ከባለቤቴ ጋር ለብቻችን እንሁን» ቢል ልዩነቱን ይጠየቃል። ሳዑዲ ዓረቢያም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2020 ጀምሮ ታክሷን ከ5 ወደ 15 በመቶ ስላሳደገች ልዩነቱ ላይ እሱም ይታከላል።

ስለ ክፍያ ካወራሁት ሁሉ በላይ የከበደኝ ነገር ሌላ ነበር። ዱባይ በገባን ማግስት እህቴ ከሥራ ወጥታ መጣች። እናቴን ካየቻት አራት ዓመት አልፏት ነበር። ቡናው ወጣ፤ ሽታውን ብቻ ነው ያሸተትነው፣ ማፍላት አይቻልም። ተጨዋወቱ፣ ተላቀሱ። ሲመሽ እህቴ «ዛሬ እማዬ ጉያ ነው የምተኛው» አለች። የያዝነው ክፍል ቢበዛ አራት ይይዛል፤ እኛ አራት ነን። ታች ወርጄ ጠየቅሁ። እንግዳ መጠየቅ ይችላል፣ ማደር አይችልም አሉኝ። እኩለ ሌሊት ላይ እናቴ ልጇን እስከ አሳንሰሩ ሸኝታ ብቻዋን ተመለሰች። ልጇን ከቤቷ «ሂጂ» ብላ የማታውቅ እናት፣ በአንድ ክፍል ደንብ ምክንያት አለች። ስነሣ «አምስት ሆነን ልናድር እንችላለን» ብዬ ጽፌ ቢሆን ማእድ ቤት ያለው አፓርታማ እይዝ ነበር፤ ቡናውም ይፈላ፣ እህቴም ታድር ነበር። አፓርታማም ቢሆን ከተወሰነ ሰው በላይ በነፍስ ወከፍ ይጨምራል፣ የጽዳት ክፍያም ይኖረዋል፤ ግን ያን ሌሊት የሚያህል ዋጋ የለውም።

ስለዚህ አሁን ሆቴል ያዝልኝ ለሚለኝ ሁሉ መጀመሪያ የማደርገው ሰው መቁጠር ነው። የሚሄደውን ብቻ ሳይሆን፣ እዚያ ደርሶ ሊያድር የሚችለውን ዘመድ ጭምር። ከዚያ ለሆቴሉ እንጽፋለን፤ ስንት አዋቂ፣ በመግቢያው ቀን ስንት ዓመት የሚሆነው ልጅ፣ ስንት አልጋ፣ ምን ዓይነት አልጋ። ተጨማሪ አልጋው የሚከፈለው በሌሊት ነው ወይስ ለቆይታው ሁሉ አንድ ጊዜ? ይህች ጥያቄ ብቻዋን ብዙ ሰው አድናለች፤ ዋጋው «50» ተብሎ ተጽፎ ለአሥር ሌሊት 500 የሆነበት አውቃለሁ። ታክስና አገልግሎትን ጨምሮ የሁሉም ሌሊት ጠቅላላ ድምር ስንት ነው ብለን እንጠይቃለን። መልሱ በጽሑፍ ሲመጣ ታትሞ ከፓስፖርቱ ጋር ይቀመጣል። ርካሽ ሆኖ «የማይመለስ» የተባለውን ዋጋ ቁጥሩ እርግጠኛ ሳይሆን አንነካም፤ ኋላ ሰው ልጨምር ሲሉ እንደ አዲስ ሊያስከፍል ይችላል። ለሸንገን ቪዛ ደግሞ የሁሉም ተጓዥ ስም በሆቴሉ ማረጋገጫ ላይ ይውጣ፤ የአንዱ ስም ብቻ ያለበት ወረቀት ለሌሎቹ ማደሪያ መኖሩን አያሳይም።

ባለፈው ኅዳር አንድ የሰፈራችን የቡና ነጋዴ፣ ሐጂ እያልን የምንጠራቸው፣ ባለቤታቸውን ለጉልበት ሕክምና ባንኮክ ሊወስዱ ሲሉ ወደ እኔ መጡ። ታማሚዋ፣ እሳቸውና አስታማሚ የሚሆን ልጃቸው፣ ሦስት ናቸው። «አንድ አልጋ ያዝልን፤ ልጁ የትም ይተኛል» አሉኝ። የዱባዩን ታሪክ ነገርኳቸው። ሐጅ ላይ በአራት ሰው ክፍል ያደሩ ናቸውና ወዲያው ገባቸው። ለአንድ ሆቴል ጻፍን፤ በማግስቱ መልስ መጣ። ደብል ክፍል 1,200 ባት፣ ተጨማሪ አልጋ 700፣ በድምሩ በሌሊት 1,900። ባለ ሦስት አልጋው ክፍል 1,650። ሁሉም ታክስን ጨምሮ ነው። የሚቆዩት 12 ሌሊት ነው።

ሐጂ ኪሳቸው ውስጥ ያለችውን የሚዛን ደብተር አወጡ፤ በአንድ በኩል ከገበሬ የተረከቡት ቡና በፈረሱላ ተጽፎባታል። በባዶው ገጽ ላይ 22,800 እና 19,800 ብለው ከላይና ከታች ጻፉ፣ ቀነሱ፣ 3,000 መጣ። ባለ ሦስቱን ምረጥ አሉኝ። ልከን ልንጨርስ ስንል እጄን ያዝ አደረጉት።

«የልጁስ ቁርስ?» አሉ። አልጠየቅንም ነበር። መልሰን ጻፍን።